ከአባባ ጀርባ ያለችው ቦታ

ዛሬ ጠዋት ታናሽ እህቴ ሰላም ከምትኖርበት የተራራ አገር የላከችልኝን ቪዲዮ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ለብስክሌት ብቻ ተብሎ አስፋልት የለበሰ መንገድ ወንዙን ይዞ በጥድ መሃል እየተጥመለመለ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው የቆመው ምልክት የሚቀጥለው መንደር ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል፤ መንገድ ዳር የጎማ መንፊያና መፍቻ በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ የሚነካውም የለም፤ ዳገቱ የከበደው ደግሞ ብስክሌቱን አውቶቡስ ኋላ ሰቅሎ ቁጭ ብሎ ይወጣል። አባባ ይህን ቢያይ ጉድ ባለ ነበር።

አባባ ከድሬዳዋ መጥቶ ሀርጌሳ የከተመ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። የሚሠራው ከደረቁ ወንዝ በላይ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው፤ የማጣበቂያና የዘይት ሽታው እስከ ቤታችን ይከተለው ነበር። አንድ አመል ነበረው፤ የጠገነውን ብስክሌት ሸክም ጭኖ ካልፈተነ ለባለቤቱ አይመልስም። ሸክሙ እኔ ነበርኩ። ከኋላ መጫኛው ብረት ላይ ያስቀምጠኝና ቁልቁለቱን እንከንፋለን፣ ታች አሸዋው ጋ ስንደርስ ፍሬን ይይዛል፣ ከዚያ ዳገቱን እያለከለከ ሲወጣ ላብ በነከረው ሸሚዙ ላይ ጉንጬን ለጥፌ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ እሰማለሁ። ቤት ውስጥ ከአፉ ቃል የማይወጣው ሰውዬ ዳገት ላይ ዝም አይልም ነበር።

ሰላም ከፍ ስትል «አንቺማ አሁን ከበድሽ» አለኝና እሷን ጫነ። እራቴን ለድመቷ እየሰጠሁ ልቅለል ብዬ ሞክሬአለሁ፤ የወፈረችው ድመቷ ናት። አፋፉ ላይ ቆሜ ሲወርዱ እያየሁ፣ ብረቱ ቂጧን በላጠው እያልኩ እመኝ ነበር፤ እሷ ግን እየሳቀች ትመለሳለች።

የመንግሥትና የአማፂያን ጦርነት ከተማችን ገብቶ የመንግሥቱ አውሮፕላኖች ከዚያው ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሱ ሀርጌሳን መደብደብ ሲጀምሩ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ። እኛም አንድ ብስክሌትና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ሳለን ሰላምን ትኩሳት ጣላት። አባባ እናቴን፣ «ይቺን በጭነት መኪና ቀድማን ድንበር የደረሰችው ጎረቤታችን ሃዋ ጋ አድርሼ እመለሳለሁ፤ እናንተ ቀስ እያላችሁ ኑ» አላትና ሰላምን ከኋላው ጭኖ፣ እንዳትወድቅ በእናቴ ነጠላ ከወገቡ ጋር አሰራት። ልጅቷ በትኩሳት እየነደደች እኔ በነጠላው ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ሲያንዣብብ እናቴ ከመንገዱ አስወጥታ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ወሰደችኝ። ድንበር ስንደርስ ሰላም ሃዋ ጉያ ውስጥ ነበረች፤ አባባ ግን እኛን ፍለጋ ተመልሷል። እሱ በዋናው መንገድ ሄደ፣ እኛ በጫካው አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አልተገኘም።

ኋላ ሀርጌሳ ተመልሼ እዚሁ ልብስ እየሰፋሁ እኖራለሁ። የአባባ ቁልቁለት ባጃጅ ይርመሰመስበታል፤ ቆርቆሮው በነበረበት ስልክ ይሸጣል፤ እናቴም አርፋለች። በእህቴ በሰላም የምቀናው ታዲያ ለዚያ የብስክሌት መንገዷ እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮውን አይቼ ስጨርስ ደወልኩላትና ዕድሜዬን ሙሉ ልጠይቃት እየፈለግሁ የፈራሁትን ጠየቅኋት፤ ያን ቀን መንገድ ላይ አባባ ምን አወራሽ?

«እትዬ፣ ምን ልበልሽ፣ ምንም አላስታውስም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር መሰለኝ» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዳገት ከጀርባው ታስራ፣ እሱ እያወራ፣ እሷ ተኝታ። እኔ ብሆን ዓይኔን አልከድንም ነበር።