ቦዬ ላይ ያስመታሁት ሰው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከጓሮ ጤና አዳም አጭዳ መጥታ እጇን ስታስሸትተኝ ፊቴን አዞርኩ። ምስኪን፣ ሽታውን የጠላሁት መሰላት። እኔ ግን በሐሳቤ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ከጂማ ወጣ ብሎ ባለው የቦዬ ውሃ መሃል፣ ሾላ በበቀለባት ትንሽ ደሴት ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ነበር።

ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሆዳምነቴም በሰፈሩ የታወቀ ነው። ያን እሑድ ከቤተሰቦቼ ጋር ወደ ደሴቷ ለሽርሽር ልንሻገር ታንኳው እስኪመጣ ስንጠብቅ፣ እናቴ መርዝ ነው ብላ እንዳልነካው ያስጠነቀቀችኝን የጉሎ ፍሬ ለቅሜ፣ ለውዝ ለውዝ ቢለኝ ቆረጠምኩት፤ የተረፈውንም በኪሴ ከተትኩ። ጋሽ ወልዴ፣ አወቱ ወንዝ ዳር ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ጎረቤታችን፣ ውሃው እንዳያርሰኝ በትከሻው ተሸክሞ ታንኳው ላይ አወጣኝ። ከትከሻው ላይ ሆኜ ጉማሬዎቹን እያየሁ ስስቅ ነበር።

ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባል ስለነበር፣ እናቴ እሱ ባለበት ጀርባዬን አዙራ ነበር የምታበላኝ። ያን ቀን ግን ዘነጋች። ደሴቷ ላይ ምሳችንን ስንበላ ጋሽ ወልዴ ሳቅ ብሎ፣ “ይቺ ልጅ ስትበላ እንዴት ደስ ትላለች” አለ። ብዙም ሳይቆይ አንጀቴ ይበጠስ ጀመር፤ ትውከቱ በአፌም በአፍንጫዬም ወጣ።

አጎቴ ታደሰ፣ ቤት ውስጥ አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣው አጎቴ፣ ያን ቀን ጀግና ሆነ። ጨርቅ አቃጥሎ ጠጉሬን ጨምድዶ ጢሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፤ እናቴ ጤና አዳም አሽታ አፌ ውስጥ ጠቀጠቀች። “ማነው የበላሽ? ስሙን ጥሪ!” አለኝ አጎቴ። ጉሎ በላሁ ብል እገረፋለሁ፣ ዝም ብል ጢሱ ይገድለኛል።

“ጋሽ ወልዴ” አልኩ።

አጎቴ መቅዘፊያውን አነሳ። የመጀመሪያው ምት የጋሽ ወልዴን ጥርስ አረገፈው፤ ራሱን ሊከልል ቀኝ እጁን ሲያነሳ ሁለተኛው አንጓውን ሰበረው፣ ሲሰበር ሰማሁት። ባለታንኳው አባ መጫ መሃል ገብተው፣ “ዲሳ፣ ተዉት! ወላሂ ሆዷን ነው፣ ጉሎ በልታ ይሆናል” ቢሉ ተገፍትረው ወደቁ። ቡዳ በበላው ሰው ላይ ከተፋ ይለቀዋል ይባላልና አጎቴ ጋሽ ወልዴን አንገቱን ይዞ ጎተተው፤ “ትፋባት!” አለው። ግንባሬ ላይ ያረፈው ደም ነበር። ጋሽ ወልዴ አልተቆጣኝም፤ እንድናገር ይጠብቅ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ፍሬዎቹን ጨብጧል። አላወጣኋቸውም።

ትውከቱ ስላጠበኝ ወደ ማታ ተሻለኝ፤ ያው ማስረጃ ሆነበት። ፍሬዎቹን ስንመለስ ውሃው ውስጥ ጣልኳቸው። የጋሽ ወልዴ እጅ ጠምሞ ገጠመ፣ መዶሻ ማንሳት አቃተው፣ ክረምቱ ሳይወጣም ቤቱን ዘግቶ ሄደ። ወዴት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም።

እናቴ አርጅታ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ሁሉንም ነገርኳት። “ቢሆንም ልጄ፣ የዳንሽው እሱ ሲተፋብሽ ነው” አለችኝ።

ጋሽ ወልዴ የሠራልን ማጭድ እኔ ጋ ቀርቷል። የልጅ ልጄ ጤና አዳሙን የቆረጠችው በሱ ነው፤ ማን እንደሠራው ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት።