በጋሪ ልጓም ለቅሶ የወጣሁበት ቀን

ይህ የሆነው ካቻምና የካቲት ላይ፣ የሚስቴ አባት ባረፉ ጊዜ ነው። እስካሁን ለቅሶ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና ሳቄ ያመልጠኛል፤ ሚስቴም ትቆነጥጠኛለች።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው፤ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የናዝሬት ልጅ ስለሆንኩ፣ ጋሪ እያየሁ ስላደግኩ፣ ስለ ፈረስ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጉራዬን የሚስቴ ዘመዶች ሰምተው ኖሯል። መራዊ አካባቢ ካለው ቀያቸው ለለቅሶ ስንደርስ የሟች ወንድም "ፈረሱን አንተ ታወጣለህ" አሉኝ። በአገሩ ወግ ፈረሰኛ ሰው ሲሞት ፈረሱ በኮርቻና ጀርባው ላይ በሚጣል ያጌጠ ግላስ ተሸልሞ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል። እምቢ ማለት ነውር ነው።

ልጓሙን ሳየው አገጭ ሥር የሚውል የብረት ቀለበት አለው። "ይሄማ ግፍ ነው" ብዬ ጣልኩትና፣ ከጎረቤት ጋሪ ላይ በያጅ ከፌሮ ቆርጦ የሠራትን ቀጥ ያለች ልጓም ፈትቼ አገባሁለት። አንድ ሽማግሌ "የጋሪ ልጓም ለግልቢያ አይሆንም፣ ልጄ" ብለውኝ ነበር። እኔን ማን ይመክረኛል?

ተቀምጬበት አንዴ በሰላም ዞርን። በሁለተኛው ዙር አስለቃሿ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ፈረሱ ደንብሮ ወጣ። ጎተትኩ። በቀለበቱ በጣት ሲነኩት የሚቆም ፈረስ ለፌሮዋ ቁብም አልሰጣት፤ በጥርሱ ነክሶ ይዟት ሸመጠጠ። ለቀስተኛው ኀዘን ያሳበደኝ መስሎት "እንዴት ቢወዳቸው ነው" ይል ነበር አሉ። እኔ የማለቅሰው ለራሴ ነበር።

ሁለት መንደር አልፎ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ በራሱ ጊዜ ቆመ። ደጁ ላይ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሠርጌ ሰሞን ከሩቅ አሳይተውኝ ስለነበር አወቅኋቸው። እማማ ይታይሽ ናቸው፣ የሟች የመጀመሪያ ሚስት። አልወለዱም ተብለው የተፈቱ ናቸው፤ ከሚስቴ እናት ጋር ሠላሳ ዓመት ቃል አልተለዋወጡም። ፈረሱ ደጁን እንዲህ ካወቀው፣ ሟች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ሳይሉ አልቀሩም።

ተነሥተው የፈረሱን አንገት አቀፉ። ከንፈሩን ገልጠው አዩና "ደምቷል እኮ። የጋሪ ልጓም ማን አገባበት?" አሉ። አፍሬ ከፈረሱ ወረድኩ። ከዚያ ቀና ብለው "እሷ ናት የላከችህ?" አሉኝ።

ከጠዋት ጀምሮ የሚጠራቸው ሰው ሲጠብቁ እንደዋሉ ያስታውቃል። ፈረሱ አልቆም ብሎኝ ነው የመጣሁት እንዴት ልበላቸው?

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው" አልኩ።

ልጓሙን አውልቀው በእጄ ሰጡኝና ፈረሱን በገመድ እየሳቡ ቀደሙኝ። እኔ በእግሬ ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፦ አሮጊቷ በሰው ፊት ቢባረሩ ጥፋቱ የኔ ነው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙሾው ቆመ። የሚስቴ እናት እማማ ይታይሽን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያኔ እኔም የምሬን አለቀስኩ።

በሰልስቱ የሚስቴ እናት ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ማን ነው የላከህ?"

"ማንም። ፈረሱ አልቆም ብሎኝ ነው።"

"ማንም ቢጠይቅህ እኔ ነኝ የላክሁህ" አሉ።

ይኸው አገሩ ሁሉ ደግነታቸውን ያወራል። እሳቸው ጋዜጣ ስለማያነቡ ነው እዚህ የምለፈልፈው። እማማ ይታይሽ ዘንድሮ አረፉ፤ ተጠርተው እንደሄዱ አምነው። ውሸቴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ የፈረሱ አፍ ነው። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ስኳር ይዤለት ስሄድ እንኳ መጀመሪያ እጄን በደንብ ያያል።