አባቴ ጣቱን ያሸተተ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰለሞን ኩታበር ላይ አንድ አሮጌ ጂፕ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ መካነ ሰላም ግቢያችን ድረስ አመጣው። ጎማ የለው፣ መስታወት የለው፤ ወንበሩን አይጥ ጨርሶታል። "አባባ፣ እንዲህ ያለ ጥንታዊ መኪና በዚህ ዋጋ የት ይገኛል?" ይለኛል፤ ደስታው የሠርግ ነው። እኔም በሆዴ፣ ለካ ይሄ በሽታ በዘር ይሄዳል ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

የጠራነው መካኒክ ፀጉሩ የሸበተ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሰለሞን የፍሬን ዘይቱን በአረቄ ጠርሙስ አድርጎ ሲያቀብለው ጮኸበት።

"በዚህ ጠርሙስ አታስቀምጡ እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል! አረቄ ፍሬን ውስጥ ከገባ ሜዳ ላይ ደህና ይይዛል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ግን ይፈላል፤ ያኔ ብትረግጠው ባዶ ነው።"

አጠገቤ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰለሞን ደም ግፊቴ የተነሳ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

አባቴም እንዲሁ አሮጌ ጂፕ የገዛ ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ላይ ሠርቶ ስለነበር የመኪና ፍቅር አልለቀቀውም። አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ወይራ ሥር ተጥሎ ዶሮ እንቁላል የሚጥልበትን ጂፕ አገኘና በአንድ በሬ ዋጋ ገዛው። ለእናቴ በሬው ይሻላት ነበር። ክረምቱን ሙሉ እኔና እሱ ዝገት ስንፍቅ፣ ብሎን በናፍጣ ስናጥብ ከረምን። የገብስ ቆሎ በዚያው እጃችን ስለምንዘግን ቆሎው ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቆሎ የለም። ጥቅምት ላይ ሞተሩ ሲነሳ የሰፈሩ ሴቶች እልል አሉ።

በጥር የአክስቴ ልጅ ቆላ ወርዶ ሊያገባ ሆነ። እናቴ ለሠርጉ ያወጣችውን አረቄ በጠርሙስ በጠርሙስ አድርጋ ደርድራዋለች። የኛም የፍሬን ዘይት እንደዚያው ያለ ጠርሙስ ውስጥ፣ ያው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በኛ አገር ጠርሙስ ማን ይጥላል? በጉዟችን ማለዳ አባቴ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አደረገና "ለሰለሰብኝ፤ አየር ይዟል። ዘይቱን አምጣ" አለኝ። ሮጬ አመጣሁ። ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖት ነበር። እሱ እየረገጠ አየሩን ሲያስወጣ፣ እኔ ጠርሙሱ እስኪያልቅ ሞላሁ። ፔዳሉ ጠነከረ፤ ሄድን።

የእናቴ ወንድም አጎቴ ይመር አዲስ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። እኔ ድፎ ዳቦውን ታቅፌ ከኋላ። የገብስ ክምር አልቆ የማሽላ አገዳ መታየት ሲጀምር፣ ቁልቁለቱ መሀል አባቴ ረገጠ፤ ደገመ፤ ሰለሰ። "ይመር፣ ያዝ!" ሲል ብቻ ሰማሁ። ገደሉን ሸሽቶ መኪናውን ከተራራው ጋር አላተመው። የአጎቴ እግር ከመኪናው ሥር ተይዞ ቀረ።

አባቴ ግንባሩ እየደማ ወረደ። የሞተሩን ኮፈን ከፈተ፣ የፍሬኑን ዘይት መያዣ ክዳን ፈታ፣ ጣቱን ነከረና አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሰዉ ተሰብስቦ "ምን ሆናችሁ?" ሲል፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማርሽ ሳልቀንስ ወረድኩ" አለ።

አጎቴን ወጌሻ አሸው፤ እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። ያ የታወቀ አራሽ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ደጅ ተቀማጭ ሆነ። እኔን እንደ ልጁ ይወደኛል፤ አባቴን ግን ዳግም አላናገረውም፤ ቀብሩ ላይም አልቆመም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከተማው ለአባቴ "ማርሽ የረሳው" ብሎ ስም አወጣለት። ጂፑን ለብረት ሸጠው፣ መሪም ሳይነካ ሞተ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ አፍሬበት ነበር።

ከአርባ ዓመት በላይ ያ አስተያየቱ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ እያየኝ የነበረው ይህን ሸክም ልጄ ይችለዋል ወይ ብሎ ነው። ሰለሞን ውሃ ይዞ ሲመለስ እንደ ሕፃን እያለቀስኩ አገኘኝ።

የዚያኑ ዕለት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላው ነው፤ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኩት።

"አንተ?" አለ። "አንተ ነህ?"

"አላወቅሁም ነበር አጎቴ። እሱ ግን አውቋል። አንቱ እንዳይጠሉኝ ብሎ ነው የዋሸው።"

"ወላሂ ብዬ ስሙን ላልጠራ ምዬ ነበር እኮ" አለ። እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "አንተስ አብሽር፤ ልጅ ነበርክ። እሱን ግን የት አግኝቼ ይቅር በለኝ ልበለው?"

ከዚያ ምርኩዙን በእጁ ፈለገ።

"ተነስ፤ ውሰደኝ። መቃብሩ የት ጋ እንደሆነ አላውቀውም።"