ጨው አንሶታል

ቺዝ ሲጋገር ጠርዙ ቡናማ መሆን የሚጀምርባት አንዲት ቅጽበት አለች። ከዚያ በፊት ሽታው የወተት ነው፤ ትንሽ ካለፈ ደግሞ የተቃጠለ። በመሐል ያለችው ሽታ ስትመጣ፣ አያት ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቆሜ እንኳ፣ የካ ሚካኤል አጠገብ የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። እኔን ግን አያናግረኝም።

ያኮረፈኝ የሒሳብ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬ የዳቦና የኬክ ሙያ ለመማር ስለተመዘገብኩ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ልጁም ያንኑ መንገድ ትከተላለች ብሎ ነበር የሚጠብቀው። የነገርኩት ቀን አልጮኸም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» አለና ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ምግብ አልበላም። የሚያወራኝም በእናቴ በኩል ሆነ። ፊቱ ቁጭ ብዬ እያየኝ፣ «ልጅሽን ሬዲዮውን ትቀንስ በያት» ይላታል። እናቴም «ሰምታሃለች» ትለዋለች። ብቻችንን ስንሆን ደግሞ «ተይው፣ ያኮረፈ ምሳው እራቱ ነው» እያለች ትስቃለች።

እኔም የእሱ ልጅ ነኝ፤ እልኸኛ ነኝ። ይህን ሰው ከእጄ ሳላበላው አልቀርም አልኩ። ኬክ እንዳልሠራለት የስኳር ሕመም አለበት። ስለዚህ ለቅዳሜ ቁርስ ጨው ያለው የቺዝ ብስኩት ልሠራለት ቆረጥኩ። እናቴ ስትሰማ «ብስኩት ደግሞ ጨው ይገባዋል እንዴ?» አለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ያሳፍር ነበር፤ አትሳቁብኝ። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ «ቺዝ» ይላል። ቺዝ ማለት አይብ አይደል ብዬ፣ ከእንጦጦ አይብ ይዛ ከምትወርደው ደንበኛችን ገዛሁና እርጥቡን ከፉርኖ ዱቄት ጋር ደባለቅኩት። ሊጡ እጄ ላይ ተጣበቀ፤ ኦቨን ውስጥም ገብቶ ተንጣለለ። እናቴ አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችውና «ይሄማ ቂጣ ነው» አለች። አባቴ ሻዩን ጨርሶ ተነሣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አይቡን በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ሰቀልኩት፤ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አደረ። ያኔ ደግሞ ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ አሸሁትና ብስኩቱ ጥርስ የሚሰብር ሆነ። አስተማሪዬ «ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር በጣትሽ ጫፍ ብቻ፣ ቀስ እያልሽ» አለችኝ። ሰማኋት። ግማሹን አይብ፣ ግማሹን የተፈቀፈቀ ደረቅ ቺዝ አድርጌ ስሞክረው በመጨረሻ ልክ መጣልኝ። እናቴ አከታትላ በላች። አባቴ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ወደ እሷ ገፋው።

እንዲህ እንዲህ እያልን የቅበላው ቅዳሜ ደረሰ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ቤታችን አይብም ቅቤም አይታሰብም። ዛሬ ካልቀመሰልኝ ኩርፊያችን ጾሙን ሁሉ ሊዘልቅ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ እንደ ዳቦ ነው፣ በከረመ ቁጥር ይደርቃል። ፈራሁ። ብስኩቱን ቆርጬ፣ ትሪው ላይ ደርድሬ፣ ኦቨኑን ልከፍት ስል መብራት ጠፋ።

ትሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ አየችኝና ድፎ ዳቦ የምትደፋበትን ትልቅ ድስት ከጓዳ ጎትታ አወጣች። «ድሮ መብራት ነበር እንዴ የሚጋግርልን?» አለች። ከሰል የሚያያዘው ግቢው ውስጥ፣ አባቴ ፀሐይ ከሚሞቅበት ወንበር አጠገብ ነበር። ከታች ከሰል፣ ከክዳኑ ላይ ፍም አደረግን። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ መጥቶ ፍሙን አቀላው። ትንሽ ቆይቶ ያቺ ሽታ መጣች። አባቴ ጋዜጣ ያነባል፤ ገጹን ግን አይገልጥም።

«ልጅሽን በያት» አለ ከጋዜጣው ጀርባ፣ «የላዩ እሳት በዝቷል። ታሳርረዋለች።»

ፍሙን ቀነስኩ። ክዳኑን ሳነሣው ብስኩቶቹ ተነፍተው፣ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ጠበቁኝ፤ አንዳንዱ ከሥሩ አርሯል። ደህናውን መርጬ፣ በሳህን ሳላደርግ፣ ትኩሱን በጣቶቼ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ከእጄ እንዲወስድ ነበር የፈለግኩት። እሱ ጋዜጣውን ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ፤ ጣቶቼ ይቃጠላሉ።

«ልጅሽ እጇ ተቃጠለ እኮ!» አለ።

እናቴ ከከሰሉ ላይ ቀና እንኳ ሳትል «እንግዲያው ተቀበላት» አለችው።

ተቀበለኝ። ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተው። ሒሳብ እንደሚያመሳክር ሰው ቀስ ብሎ አኘከ፤ ፍርፋሪው ጋቢው ላይ ረገፈ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጨው አንሶታል» አለ፤ «ሰምተሻል አንቺ?»

አንቺ አለኝ። ልጅሽ አላለም፤ በያት አላለም። የተጋገረ ብስኩት ላይ ጨው እንደማይጨመር እያወቅኩ፣ ጨው ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እዚያ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከውጭ እናቴ ስትስቅ ይሰማኛል።

ከፋሲካ በኋላ በየቅዳሜው ጋገርኩለት። ጨው ብጨምርም «አንሶታል» ማለቱን አልተወም፤ እንደ ሰላምታ ሆነብን። ኋላ ደም ግፊት ሲጨምርበትና ሐኪሙ ጨው ሲከለክለው፣ ሳልነግረው የምር ቀነስኩበት። ከበፊቱ አስበልጦ አማረረ፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። መነሣት አቅቶት አልጋ ላይ በዋለባቸው ቅዳሜዎች እንኳ፣ ጫፏን ቀምሶ ያቺኑ ቃል ይላት ነበር።

አሁን ብስኩቴን የሚገዛኝ ሰው ብዙ ነው። «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል፤ ደስም ይለኛል። የምጋግረው ግን አሁንም በአባቴ ልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትሪውን አውጥቼ አንዱን እቆርስና፣ እያኘክሁ ትንሽ እቆያለሁ። እውነትም ጨው አንሶታል። የሚለኝ ሰው ነው የጠፋው።