እዚህ እሰማለሁ

በሰፈር ጭምቱ ይሉታል፤ በፋብሪካ ራዲዮ። ሰውየው ግን አንድ ነው። ስሞቹን ያወጡለት ሰዎች ተገናኝተው ቢያወጉ ኖሮ፣ ስለ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሚያወሩ ይመስላቸው ነበር። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማሽን መካኒክ ሆኜ አብሬው ሠርቻለሁ፤ ቤታችንንም የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጭምቱንም ራዲዮንም አውቃቸዋለሁ።

ሽመና አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመቱ ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም፤ በጫማ ሥር ይገባል፣ በጥርስ ይገባል። እዚያ ውስጥ ጮኾ መናገር ትርፉ ጉሮሮን ማቁሰል ነው። ስለዚህ ሸማኔዎቹ በከንፈር ይነጋገራሉ። ድምፅ ሳያወጡ አፋቸውን ሰፋ አድርገው ቃሉን ይቀርጹታል፤ የጎደለውን እጅ ይሞላዋል። አዲስ የገባ ሰው ክር ከመቀጠል በፊት የሚማረው ይህንን ነው። ሕግም አለው። ማንንም ከኋላው አትነካም፤ ደንግጦ እጁን ማሽን ውስጥ ሊከት ይችላል። ዞረህ ፊት ለፊቱ ትቆማለህ፣ ዓይኑን ታገኛለህ፣ ከዚያ ትናገራለህ።

በዚህ ንግግር ራዲዮን የሚያህል አልነበረም። ከአዳራሹ አንድ ጫፍ ሆኖ ሌላው ጫፍ ያለውን ሰው ያስቃል። የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ ፎርማኑ ለምን ፊቱን እንዳጠቆረ፣ ሁሉም ወሬ በእርሱ በኩል ያልፋል። የተበጠሰ ክር ስትቋጥር የምትውል ድር ቋጣሪ አለች፣ ምላሰኛ ሴት ናት። ከሁሉም ይበልጥ የሚጣሉት፣ ከሁሉም ይበልጥም የሚዋደዱት እነርሱ ነበሩ።

"አንተ ራዲዮ፣ ባትሪህ አያልቅም?" ትለዋለች በከንፈሯ።

"አንቺን እያየሁ እሞላዋለሁ።"

"እንግዲያው ዛሬ መብራት ጠፍቷል!" ብላ ፊቷን ታዞርበታለች። ፊቷን ካዞረች ደግሞ ወሬው ተቆረጠ ማለት ነው።

ፈረቃው ሲያልቅ ራዲዮ ይዘጋል። ሰዎች ከበሩ ሲወጡ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ አፋቸውን በቅጡ ሳይከፍቱ በድምፅ ማውራት ይጀምራሉ። እርሱ ከዚያ ወዲያ የሚይዘው ነገር የለም። ጆሮው በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሄዷል። አውቶቡስ ላይ መስኮቱን ይዞ ይቀመጣል። ጎረቤት "እንደምን ዋልክ" ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። ለሚቀጥለውም ጥያቄ ይነቀንቃል። ጥያቄው በመነቅነቅ የማይመለስ ከሆነ ቤቱ ይገባል። ለሰው ኩራት መሰለው።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በከንፈሯ ታቀብለው ነበር። እርሷ ካረፈች ወዲህ ያንን የሚያደርግለት አልተገኘም። ሌላ ከተማ ያገባች አንዲት ልጅ አለችው። ስትደውልለት "ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ እሺ፣ በርቺ" ብሎ ይዘጋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ጨክኖብኛል ብላ ለባለቤቴ አልቅሳለች።

የጆሮውን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ "ለሰው ትንፍሽ ብትል ከአዳራሹ ያወጡኛል" አለኝ። በከንቱ አልፈራም። ከእርሱ በፊት ጆሮው የደከመ አንድ ሸማኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሮ ነበር። ያ ሰው እዚያ ከካርቶን ጋር ሲተያይ እየዋለ ጡረታው ደረሰ። ራዲዮ ለእንጀራው አልሰጋም፤ ቢዛወርም ደመወዙ ያው ነው። የሰጋው ከሰው ጋር የሚያወራበትን አንድ ቦታ እንዳያጣ ነው።

እንዲህ እያለ ፋብሪካው የሠራተኞች ደህንነት ፕሮግራም የሚባል ነገር ጀመረ። ዕቃ ይጣልበት የነበረ አንድ ክፍል ቀለም ተቀባ፣ ወንበሮች በክብ ተደረደሩ፣ አንዲት ወጣት አማካሪ ተቀጠረች። በየሳምንቱ እየተቀመጡ መነጋገር ይኖራል፤ ዓይን፣ የደም ግፊትና ጆሮም ይመረመራል ተባለ። ሸማኔዎቹ ክፍሉን "ደህና ናችሁ ወይ ቢሮ" አሉት። ብዙ ሰው ሠራተኛውን አባብሎ ይበልጥ ለማሠራት ነው አለ። እኔም ይህንኑ አስብ ነበር፤ አሁን እንደዚያ አላስብም።

በመጀመሪያው ቀን አማካሪዋ በለሰለሰ ድምፅ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ በልባችሁ ያለውን ተናገሩ" ብላ ተቀመጠች። ሸማኔ ደግሞ እንግዳ ሰው ፊት ድምፁን አያወጣም። ልማዱ ነው። ሁሉም በከንፈራቸው ጀመሩ።

"ይቺ ልጅ አዝናለች ወይስ ጥርሷን ነው የሚያማት?" አለች ድር ቋጣሪዋ።

"ተያት፣ አስተዛዘኗን በትምህርት ነው ያመጣችው" አለ ራዲዮ።

ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሌለው ሳቅ ሆነ። ራዲዮ ከአዳራሹ ውጭ እንዲያ ሲፈካ አይቼው አላውቅም። አማካሪዋ ግን የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮችን አየች፣ ምንም አልሰማችም፤ ቀስ ብላ አቀረቀረች። ብዙ ቆይታ ቀና ብትል አሁንም አልጨረሱም። ኋላ ስትነግረኝ፣ "ጸሎት ላይ ያላችሁ መስሎኝ እኮ ነው" አለችኝ።

ሲገባት አብራ ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ግን "እባካችሁ፣ ለእኔ ስትሉ በድምፅ" ብላ ለመነች። ደግ ልመና ነበር። ሰዎቹ በድምፅ መናገር ሲጀምሩ፣ የልባቸውን የሚናገሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት አቀረቀሩ፤ አንዳንዱም አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ራዲዮ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየዞረ ደከመው። አማካሪዋ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች ጠየቀችው።

"እርስዎስ ጋሼ? ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ቤት ሲገቡ ማን ይቀበልዎታል?"

የሰው ዓይን ሁሉ እርሱ ላይ እንዳረፈ አየ። ያንን የራዲዮ ፈገግታውን ፈገግ አለና፣ "ደህና ነኝ፣ ተመስገን!" አለ።

ማንም አልሳቀም። ድር ቋጣሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያንን ሲያይ የሆነ ነገር እንዳመለጠው ገባው፤ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ድርሽ አላለም። ጆሮ የሚመረመርበት ቀን ሲደርስም ፈረቃ ተለዋወጠ።

አማካሪዋ ወደ እኔ መጣች። "አባቴ፣ እኚያን ሰው ምን ብዬ ነው ያስቀየምኳቸው?"

"አላስቀየምሽውም" አልኳት። የሰጠሁት ቃል ስላለ ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። "ልታናግሪው ከፈለግሽ አዳራሽ ግቢ። ከኋላው ግን እንዳትነኪው።"

ገባች። ሰው ሁሉ በጎን ያያታል። ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ዓይኑን እስክታገኝ ጠበቀች፣ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ዓሣ አፏን ከፈት ከደን አደረገች። ድር ቋጣሪዋ ሳቋን ማፈን አቃታት። ራዲዮ ግን አነበባት።

"ይሰማሉ?" ነበር ያለችው።

"እዚህ እሰማለሁ" አላት።

"ውጭስ?"

ወደ ማሽኑ ዞረ። በአዳራሹ ደንብ ይህ ጨዋታው አበቃ ማለት ነው። እድል ሆኖ ወዲያው ክር ተበጠሰና ማሽኑ ቆመ። ክሩን ቀጥሎ ቀና ቢል ልጅቱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"የምርመራው ውጤት የእርስዎ ነው" አለች፣ ቃል በቃል እየቀረጸች። "ያለ ፈቃድዎ ለፎርማኑም ለማንም አይሄድም። ከዚህ የሚያስወጣዎት የለም።"

ተመረመረ። ሐኪሙ የነገረው መልካምም ክፉም ነበር። የመስሚያ መሣሪያ ይረዳዋል። የአዳራሹ ጫጫታ ግን የቀረችውንም መስሚያ ይጨርሳታል፤ መሣሪያውንም እዚያ ውስጥ ማድረግ አይቻልም። ምርጫው የራሱ ሆነ። ከምርመራው ወዲህ ብዙ ሰንብቶ ከምሳ በኋላ ግቢው ግንብ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና፣ "ጆሮዬን ባገኝ የምሰማው ማንን ነው?" አለኝ። መልሱን ያመጣችው ድር ቋጣሪዋ ናት። የጆሮውን ነገር ራሱ ነግሯት ነበር።

"የጨርቅ ፍተሻ ክፍል ወደ አዳራሹ የሚያሳይ መስተዋት አለው አይደል? ሂድና እዚያ ቁም። እኔ ያበላሸሁትን ጨርቅ እያየህ በመስተዋቱ ትሰድበኛለህ። የእኔንም መልስ ትጠጣለህ።"

እንዳለችውም ሆነ። ዛሬ ራዲዮ ጨርቁን በብርሃን ላይ እየዘረጋ እንከን ይለቅማል፤ እረፍት የወጣ ሁሉ መስተዋቱ ጋ መጥቶ ያወራዋል። በምርመራው ብዙ ሸማኔ ሳያውቀው ጆሮው እየሄደ እንደነበረ ተገኘ። አሁን ሁሉም የጆሮ መከላከያ ያደርጋል፤ ከማሽኖቹ እግር ሥርም ድምፅ የሚውጥ ላስቲክ አስገብተናል። ሠራተኛውን ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፣ እኔ የማሳየው ይህንን ነው። ጥቅሙ ግን ዋጋ ሳያስከፍል አልመጣም። በመስተዋት በኩል የሚያወራ ሰው ትከሻ አይነካም፤ ፍተሻ ክፍል ውስጥ ትርፍ ክር የሚከረክምበት መቀስ ብቻ ነው የሚሰማው።

አንድ የእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። መሣሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል።

"ይህ ቧንቧ ሁልጊዜ እንዲህ ይንጠባጠባል?" አለኝ።

"ዓመት አለፈው።"

"ታዲያ አትነግረኝም?"

"ነግሬህማ ነበር። ነቀነቅህልኝ።"

ሳቀ። ከዚያ ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ የሚስቱን ወንበር በየተራ አየ። "ቤቱ ጭር ያለው በጆሮዬ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤቱ ራሱ ነው" አለ።

ስልኩ ጮኸ። አነሣው። የልጁ ድምፅ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማል፤ መስመሩ እየተበላሸ መስሏት ለዓመታት የለመደችውን ጩኸት ነው የምትጮኸው።

"አትጩኺ የኔ ልጅ" አላት። "እሰማሻለሁ።"

ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ልተዋቸው ብዬ ብነሣ በእጁ ቆይ አለኝ። ዓይኔን ፈልጎ አገኘ፤ እርሷ እንዳትሰማ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ፣ "እያለቀሰች ነው" አለኝ።

እኔም በከንፈሬ፣ "ጠብቃት" አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ጠበቃት።