ከበሩ ገለል ይበሉልኝ

ያንን ቤት መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይሄ ይታወቅልኝ። ደሴ ፒያሳ ያለ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ፎቅ ነው፤ ፊቱን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሮ የቆመ። እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ቢሆንም፣ ሠርግ በሌለ ቀን ካሜራዬን ይዤ የድሮ ቤት ፍለጋ እዞራለሁ። እዚያ ቤት ላይ ፀሐይ የምታርፈው ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ወዲያው ጦሳ ይውጣታል። ያቺን ፀሐይ ስጠብቅ ስንት ብርድ እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የቤቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። ካሜራዬን ሲያዩ ሻሻቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ቤቱን ብቻ ነው። «እማማ፣ ትንሽ ከበሩ ገለል ይበሉልኝ» እላቸዋለሁ። «አብሽሪ የኔ ዓለም» ብለው መንገዱን ተሻግረው አጠገቤ ይመጣሉ። የደሴ ካፊያ እንደሁ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው፤ ሲጀምር ጥቁር ጃንጥላቸውን ካሜራዬ ላይ ይዘረጉልኝ ነበር።

ሞኟ እኔ፣ ጓደኛዬን ከኮምቦልቻ ጠርቼ ቤቱን አሳየኋት። እሷም እንደኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ናት። ቆላ የለመደች ናትና ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት፣ «ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?» እያለች ስታሾፍብኝ የራሴን ሹራብ አውልቄ ሰጠኋት። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

በሳምንቱ አንድ የባጃጅ ሾፌር ስልኩን ዘረጋልኝ። «ይሄን የኛን ፒያሳ ቤት አየሽው? አገር እየተቀባበለው እኮ ነው!» አለኝ። ጓደኛዬ ያነሳችው ፎቶ ነው፤ ስሟ ከሥሩ አለ። ዓይኔ መጀመሪያ ጥፋት ፈለገ፤ ሞልቷል! ግድግዳው ዘሟል፣ የመብራት ሽቦ ሰማዩን ሰንጥቆታል፣ ሰገነቱ ላይ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቷል። እሰይ አልኩ። ከዚያ እማማን አየኋቸው። በሩ መሃል ቆመው፣ የጎደለው ጥርሳቸው ሳይቀር እየታየ ይስቃሉ። እርር ድብን አልኩ። ስንት ዓመት የተመላለስኩበትን ቤት በአንድ ከሰዓት ወሰደችው!

ደወልኩላት። «ቆንጆ ነው» አልኳት ጥርሴን ነክሼ፤ «ለመሆኑ ምን ብለሻቸው ነው እንዲህ የሳቁት?»

«ምንም። ትናንት ብቻዬን ብቅ ብዬ ካሜራዬን ሳወጣ፣ ‹ገለል ልበል?› አሉኝ። ‹ኧረ የት ሊሄዱ? ቤትዎ አይደለም እንዴ!› ስላቸው በሳቅ ፍርስ አሉ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ለመንገድ ሊፈርስ መሆኑ ተሰማ። እማማ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደጋን ከተማ ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ሆነ። «የልጄ ቤት ጠባብ ናት» አሉኝ፤ «ካልጋዬ ፊት ለፊት አንዲት ፎቶ መስቀያ ቦታ ትታልኛለች። ቤቴን እያየሁ እተኛለሁ፣ ኢንሻአላህ።» ጓደኛዬ የእሷን ፎቶ አሳጥባ ቀድማ ሰጥታቸዋለች። ያቺ ቦታ ግን የኔ መሆን አለባት፤ እንቅልፍ አጣሁ። ደህና ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅኩ፣ አንሶላውን አስወረድኩ፣ ሽቦውን በኮምፒውተር አጠፋሁ፣ ግድግዳውን አቃናሁ። በትልቁ አሳጥቤ መስታወት ባለው ፍሬም አስገባሁት። አሁን ጉዷን ታያለች አልኩ።

የሚሄዱ ዕለት አይሱዙው ፍራሽና ሣጥን ተጭኖበት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፍሬሙን ሰጠኋቸው።

«ማሻአላህ! ሙሽራ አስመሰልሽው እኮ!» አሉ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና በሩ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «እኔስ የት አለሁ?»

ገለል ይበሉ ያልኳቸው እኔው ነኝ።

«አይ አንቺ ልጅ!» ብለው ራሳቸው መለሱልኝ፤ «ካንቺ ጋ ነኛ! ጃንጥላ ይዤልሽ።»

ሳሙኝ፣ መረቁኝ። የኔን ፍሬም ጫኚዎቹ ከፍራሹ ጋር በገመድ አሰሩት። እማማ ጋቢና ሲገቡ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል፤ በአንድ ጥጉ በኩል ያ የተሰጣ አንሶላ ብቅ ብሎ ይታያል። የጓደኛዬ ፎቶ ነው።

ቅናቴ በረደ ብዬ አልዋሽም። ብሶበታል። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው ሲታጠፍ በንዴት ካሜራዬን አወጣሁ። ሰገነቱ ላይ አንሶላ የለም፣ በሩ ላይ ሰው የለም፤ ያን ሁሉ ዓመት ስለምነው የኖርኩት ይኸው ነበር። ካፊያው ጀመረ። ለምዶብኝ ወደ ጎኔ ዞር አልኩ።

ሌንሱ ረጠበ።