ሃያ አራተኛው ቀን በወንዙ ላይ

ፎቶ አንሺው በዚያች ባለ አንድ በር ፎቶ ቤቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትሳቅ» እያለ ያላነሳው የከተማው ሰው የለም ማለት ይቻላል። «እኔ እኮ የዚህን አገር ሰው ከደረቱ በታች አላውቀውም» ይል ነበር ሲቀልድ። ሚስቱ የቋንቋ መምህር ናት። እጇ ከጠመኔ ተላቆ አያውቅም። ሁለቱም በሆዳቸው ያዳፈኑት ምኞት ነበራቸው፤ እሱ ማንም «ቀና በል» ያላለውን ሰው ማንሳት፣ እሷ ደግሞ ደወል ሲደወል ከሰሌዳ ላይ የማይጠፋ ነገር መጻፍ።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ምኞታቸውን አገጣጠሙት። ወንዙን እንጨት መሰንጠቂያ ካለባት አንዲት ከተማ ተነስተው ባሕር እስከሚገባበት ድረስ ከልጆቻቸው ጋር በጀልባ ሊወርዱ ተስማሙ። መንገዱ ሠላሳ ስምንት ቀን ይፈጃል። እሱ ያነሳል፣ እሷ ትጽፋለች። የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ገጽ ሊሰጣቸው ቃል ገባ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዕድሜዋን የጨረሰች የእንጨት ጀልባ ለቀቀላቸው፤ ሞተሯ ሳታስል ስለማትነሳ ልጆቹ «አሮጊቷ» አሏት።

የመምህሯ እናት ይህን ስትሰማ፣ «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሌላ አሮጊት ታምናላችሁ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እናንተ እንደፍጥርጥራችሁ፤ ልጆቹን እንኳ ተዉልኝ» ብላ ለመነች። ማን ይስማት!

ትልቋ ልጅ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁጥብ፣ ያየችውን ሁሉ በሆዷ የምትይዝ። ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ ስለማትረጋ ስሟ ተረስቶ «ፌንጣ» ሆና ቀርታለች።

በጀልባዋ ላይ አንድ ደንብ ነበራቸው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ገመዳቸውን ዛፍ ላይ አስረው፣ እያንዳንዳቸው በቀኑ ካዩት አንድ ነገር ያወራሉ፤ መምህሯ ትጽፋለች። ትልቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትገላገላለች። አባትየው ስለ ብርሃን ያወራና ሁሉንም ያንቀላፋቸዋል። ፌንጣ ግን ተራዋ እስኪደርስ አትታገስም። «ወንዙ ዛሬ አኩርፏል፤ ለዚህ ነው ድልድዩ ሥር ሲደርስ ድምፁን ያጠፋው» ትላለች። ወይም፣ «ያ ልብስ የሚያጥበው ሰውዬ ሸሚዙን ሲጨምቀው ሸሚዙ ጮኸ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!» እናቷ ሳታስተካክል፣ አንድም ቃል ሳትጨምር እንዳለ ትጽፈዋለች።

አገሩ በፌንጣ አበደ። ጉዞው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሰዎች ጀልባ መቆሚያው ላይ ጋዜጣ ይዘው ይጠብቋቸው ጀመር። «ፌንጣ የትኛዋ ናት?» ይላሉ። እሷም ትዘልላለች፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ለመምህሯም እጃቸውን ዘርግተው፣ «እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?» ይሏታል። ሃያ ዓመት ስታስተምር እንዲህ ዓይን ዓይኗን አይቶ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ደስታው ራሷ ላይ ወጣ። ይህን በኋላ በራሷ አፍ ተናግራዋለች።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት ባለ ቀይ ጣሪያ ክሊኒክ ያላትን አንዲት መንደር አለፉ። ቀትር ላይ ፌንጣ ምሳዋን ገፋች። «ሆዴን» አለች። ቆየት ብሎ አስመለሳት። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ተኛች። ፌንጣ በቀን ጸጥ ብላ ስትተኛ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እንመለስ» አለ አባትየው መሪውን እንደያዘ። «ያቺ ክሊኒክ ወደ ኋላ ቢበዛ የአራት ሰዓት መንገድ ናት።»

«ክሊኒኳ ምን አላት?» አለች መምህሯ። «አንድ ነርስና የራስ ምታት ክኒን። ነገ ቀትር ትልቁ ወደብ እንገባ የለም እንዴ? እዚያ ሙሉ ሆስፒታል አለ።»

«ነገ ሩቅ ነው።»

«የበላችው ነገር ነው፤ ያልፍላታል። አንተ ደግሞ ትንሽ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር እንደፈራህ ነው!»

የተናገረችው ውሸት አልነበረም፤ ሆስፒታሉ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በዚያው ወደብ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተዘጋጅቶ፣ ሦስት መቶ ሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስታነብ ሊያዳምጣት ይጠብቃል። ስለ አዳራሹ ትንፍሽ አላለችም። ልቧ ግን እዚያ ነበር።

ፎቶ አንሺው አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት አየ። ከዚያ መሪውን ሳያዞር ቁልቁል ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ቆመ። «እማዬ፣ ተወኝ እኮ!» አለች ፌንጣ፤ ሳቀችም። አባቷ ሳቋን አነሳው። እናቷ በደብተሯ ላይ «ዛሬ ተሻላት፤ የሁላችንም ፊት በራ» ብላ ጻፈች። ወደቡ ሲደርሱ ግን ትኩሳት ጣላት። ሕመሙ የቆመው ትርፍ አንጀቷ ስለፈነዳ እንደሆነ የነገራቸው ከሰዓት በኋላ የወደቡ ሆስፒታል ሐኪም ነው። «ትናንት ብትመጣ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የእናቲቱን ፊት ሲያይ ተወው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

አያትየው አውቶቡስ ተሳፍራ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ቅጥልጥል ባለው አረንጓዴ ወንበር ፊት ቆማ፣ «ሕመሙ ሲጀምራት ለምን አልተመለሳችሁም?» ብላ ጠየቀች።

መምህሯ አፏን ከፈተች። ከእሷ በፊት ግን ባሏ፣ «እኔ ነኝ» አለ። «ወደ ፊት እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

መምህሯም አፏን መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። አያትየው የአማቿን ሰላምታ መቀበል አቆመች። ቤታቸው የምትመጣው እሱ ፎቶ ቤት ሲውል ነው፤ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ በጓሮ ትወጣለች። ዘመድ አዝማዱም ቀስ በቀስ ከእሱ ራቀ። እሱ ጉርድ ፎቶውን ያነሳል። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስና የዘጠኝ ዓመት ልጆች በሰልፍ ሲመጡበት ብቻ «ሥራ የለም» የሚል ወረቀት ለጥፎ ይዘጋል። መምህሯ ደግሞ ባሏን ላለማየት ስትል የምታየው ብዙ ነገር አበጀች፦ የተማሪ ደብተር፣ የሚታጠብ መጋረጃ፣ የማይቆሽሽ ወለል። በየቀኑ «ነገ እናገራለሁ» ትላለች። ነገም ሲመጣ እንደ ትናንት ይሆናል።

አንድ ቀን የጋዜጣው አዘጋጅ መጣ። «አንባቢ አልረሳትም፤ በመጽሐፍ ይውጣ» አላት። «አላደርገውም» አለች። ያን ጊዜ ባሏ ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ፣ «ጻፊው። የተናገረችው ሁሉ ያለው አንቺ ደብተር ውስጥ ነው። እኛ ስንረሳው ማን ሊያስታውሳት ነው?» አላት። በዚያው ቀን ሳይታጠቡ የቀሩትን ስድስት ጥቅል ፊልሞች ይዞ ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባ።

ስለዚህ መጻፍ ጀመረች። ትልቋ ልጅ፣ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቷታል፣ ከምግብ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣ በጽሕፈት መኪና ትገለብጥላታለች። ሥራው እየሄደ ነበር። ፌንጣ በገጹ ላይ ስትዘልል እናትና ልጅ አልፎ አልፎ ይስቃሉ፤ ስቀው ደግሞ ይደነግጣሉ። ሃያ አራተኛው ቀን ላይ ሲደርሱ መምህሯ አንድ ሳምንት ፈጀች። በመጨረሻ ለልጇ አንዲት ወረቀት ሰጠቻት። በወረቀቷ መሐል «ወደ ትልቁ ወደብ ጉዞው እንዲቀጥል ተወሰነ» ይላል።

የመኪናው ቀጭ ቀጭታ ቆመ።

«እማዬ፣ ይቺን ዓረፍተ ነገር አልመታትም» አለች ልጅቷ።

«ምን ሆነች?»

«ባለቤት የላትም። ዓረፍተ ነገር ባለቤት ያስፈልገዋል ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ማነው የወሰነው?»

«ሰምተሻል?» አለች መምህሯ።

«ከጀልባዋ ፊት ተቀምጬ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ለምን አልተናገርሽም?»

«አባዬ እንዳትናገሪ አለኝ። ‹እህትሽን አጥተናል፤ እናትሽንም ማጣት አልፈልግም› አለኝ።» ልጅቷ ዓይኗን ከፊደሎቹ ላይ አላነሳችም። «እኔ ግን መጽሐፉን እየጠበቅሁ ነበር። ምን ብለሽ እንደምትጽፊ ለማየት።»

መምህሯ ምንም ሳትደርብ ወጥታ ፎቶ ቤት ሄደች። ባሏን ከስድስቱ ጥቅል የመጨረሻውን ፊልም አጥቦ ነጋቲቮቹን ገመድ ላይ ሲሰቅል አገኘችው። ነጋቲቮቹ መሐል ፌንጣ አለች፤ ጥርሷ ጥቁር፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ ትስቃለች።

«ለምንድነው በእኔ ፈንታ የተሸከምከው?» አለችው።

«መሪው በእጄ ነበር» አለ። «አንቺ ብትናገሪም ማዞር የምችለው እኔ ነበርኩ። አላዞርኩም። ያልኩት ሁሉ ውሸት አይደለም።»

«እኔ ግን ዝም አልኩ።»

«አዎ፤ ዝም አልሽ።» ይህን ሲላት የመጀመሪያው ነው። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ልንገርሽ? የመጀመሪያውን ሳምንት ጠበቅሁሽ። ዛሬ ለእናቷ ትነግራለች፣ ነገ ትነግራለች አልኩ። ወሩንም ጠበቅሁ። ከዚያ መጠበቅ ተውኩ። ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ የእናትሽ ፊት አይደለም፤ መጠበቅ የተውኩበት ቀን ነው።»

ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ቃሉ አነሰባት። አጠገቡ ቆማ የቀሩትን ነጋቲቮች አቀበለችው፣ እሱም ሰቀለ።

ወደ ቤት ተመልሳ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰረዘች። በምትኩ «እንመለስ ያለው ባለቤቴ ነው። ወደ ፊት እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቀኝ ነበር» ብላ ጻፈች። ትልቋ አንብባ መታችው።

መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ግን መምህሯ እናቷ ዘንድ ሄደች፤ ከወረቀት ላይ እንድታነበው አልፈለገችም። አያትየው አልጋዋ ላይ የታጠበ ልብስ ታጥፍ ነበር። መምህሯ ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ ልብሱን ማጠፏን ቀጠለች። አንዲቷን የትራስ ልብስ አራቴ አጥፋ አራቴ ዘረጋቻት።

«ሁለት ዓመት» አለች ኋላ። «ያ ሰው ‹እንዴት አደሩ እማማ› ሲለኝ ፊቴን ሳዞርበት፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ታዪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዪኝ ነበር!» ብላ ደገመችው። ከዚያ፣ «አሁን ተነሺ ሂጂልኝ። ልጄ ነሽ፤ ዛሬ ግን ላይሽ አልችልም» አለቻት።

በማግስቱ አያትየው ፎቶ ቤቱ ሄዳ ከደንበኞቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፎቶ አንሺው አይቷታል፤ ከእሷ ቀድመው የመጡትን አንድ ወታደርና አንዲት ሙሽራ አነሳ። ተራዋ ሲደርስ ግራ ገብቶት ከአፉ የወጣው የለመደው ቃል ነው፦ «እማማ፣ ጉርድ ነው ሙሉ የሚነሱት?»

አያትየው ከአግዳሚው ተነስታ ቀረበችው። እጁን ሳበችና ግንባሯ ላይ አስደገፈችው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አንድ በአንድ ተነስተው ወጡላቸው።

ሰው ሁሉ «እፎይ፣ አለፈ» አለ። አላለፈም። ወቀሳው ደግፎ አቁሞት ኖሮ፣ ሲነሳለት ፎቶ አንሺው ወደቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ ያላፈሰሰ ሰው አንድ ወር ሙሉ ከአልጋ ሳይነሳ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። መምህሯ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ትጠርግለታለች፣ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። አንዳንድ ቀን እጇን ይይዛታል፤ አንዳንድ ቀን «እባክሽ ውጪልኝ» ይላታል። ትወጣና ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

መጽሐፉ የወጣው እሱ ተነስቶ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ነው። ታሪኩ ወንዙ ባሕር ሳይደርስ ወደቡ ላይ ያልቃል። ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። የሚያጽናናት አለ፤ «እንዴት ያለሽ እናት ነሽ» የሚላትም ሞልቷል። ሁሉንም አነበበች፣ አንዱንም አልቀደደችም። ትልቋ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፋ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፎቶ አንሺው መነጽሩን አድርጎ መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ ከፊቱ ተቀምጣ ሹራብ ትጠግን ነበር። ሲያነብ ሲያነብ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አለ። «‹በአሥራ አንደኛው ቀን ነፋስ የፌንጣን ባርኔጣ ወሰደባት› ይላል።»

«ወሰደባት እንጂ! እሷው ናት የነገረችኝ።»

«ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ራሷ ናት የወረወረችው። ለአንዲት ዳክዬ፤ ጎጆ የላትም፣ ልጆቿን ታስተኛበት ብላ።»

መምህሯ መርፌዋን አስቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«‹እማዬ ስለ ባርኔጣው ትቆጣኛለች፤ እንዳትነግራት› አለችኝ። ቃል ገባሁላት።»

መምህሯ ልትስቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ባሏ አልተነሳም፣ አላባበላትም፤ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘግቶ እስክትጨርስ ጠበቃት። ስትጨርስ ፊቷን በሹራቡ ጠረገች።

«ሌላስ?» አለች። «ሌላ የማላውቀው ምን አለ?»

ፎቶ አንሺው መነጽሩን አውልቆ አሰበ፤ ከዚያ መንገር ጀመረ።